ለሌሊት የተሰጠ ውክልና

ሊኑክስ ላይ «ሱዱ» ብሎ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ሁሉ አንድ ዝምታ ያውቃል። ማሽኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ትጽፋላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። ጀማሪ ከሆናችሁ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስላችኋል። ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ከኋላችሁ የቆመ ሰው ፊደሎቹን ቀርቶ ብዛታቸውን እንኳ እንዳይቆጥር። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማሽኑ ለዚያች አንድ ትእዛዝ ብቻ የአድሚኑን ሥልጣን ያውሳችኋል።

ይህ ሥርዓት የተበጀው ኪቦርድ ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። የእኔ ሙያ ግን በአብዛኛው ሰው በሌለበት ሰዓት ሥራ ማሠራት ነው። ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወሰዳል፣ ዲስክ የሞላ አሮጌ ፋይል ይጠረጋል፣ የተንጠለጠለ ሰርቪስ ይነሣል። ይህን የሚሠራው ስክሪፕት ነው፤ ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል። ከትእዛዞቹ አንዳንዶቹ የአድሚን ሥልጣን ይፈልጋሉ። ታዲያ ሌሊት ሱዱ «ማነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ማን ይመልስለት? ይህን ጥያቄ ስጀምር የቴክኒክ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ዛሬ የሰው ስም ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

(ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኔ ግን እዚህ በስልክ ስንነጋገር እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል አስቀምጣቸዋለሁ።)

ከሱዱ በፊት የነበረው ነገር ቀላልና አስፈሪ ነበር። ዩኒክስ ላይ «ሩት» የሚባል አንድ አካውንት አለ፤ ትርጉሙ ሥር ማለት ነው። ሩት ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ያጠፋል፣ ከፈለገ የተቀመጠበትን ሲስተም ራሱን ያፈርሳል፤ «ለምን?» የሚለው የለም። አድሚን ሥራ የሚነካ ሰው ሁሉ የሩትን የይለፍ ቃል ማወቅ ነበረበት። አምስት ሰው ካወቀው አምስቱም አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ማን ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፣ ሩት።

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ቡፋሎ ባለው የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር የተባሉ ሁለት ሰዎች ሱዱን ጻፉ። ሊኑክስ ገና አልተወለደም ነበር። ኋላ ደግሞ ቶድ ሚለር የተባለ ሰው ተረክቦ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲንከባከበው ኖሯል። የሱዱ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማንነታችሁን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም የሩትን ሳይሆን የራሳችሁን የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛ፣ «ሱዱወርስ» የሚባል ፋይል ገልጦ ይህን ትእዛዝ ለመስጠት ተፈቅዶላችሁ እንደሆነ ያያል። ሦስተኛ፣ ይመዘግባል፦ ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከየትኛው ተርሚናል፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ ሆኖ፣ ምን እንዳዘዘ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ሲሞክር ደግሞ ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ ይነገረው ነበር። እኛ ቢሮ «ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው?» እያልን ስንቀልድ ኖረናል።

ይህን ሁሉ ለጀማሪ ሳስረዳ ከውክልና የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ውክልናን ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ጠቅላላና ልዩ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ንብረቱን ያስተዳድራል እንጂ ቤት አይሸጥም፤ ለመሸጥ ተለይቶ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ሕጉ እዚህ ላይ ብልህ ነው። ሰፊውን ውክልና በትንሽ ሥራ አጠረው፤ ትልቁን ሥራ ደግሞ በጠባብ ወረቀት እንጂ አይሆንም አለ። ሱዱወርስ ፋይል ውስጥ ያለች እያንዳንዷ መስመርም ውክልና ናት። «እገሌ፣ በዚህ ማሽን ላይ፣ በሩት ስም፣ ይህን ትእዛዝ» ትላለች። እኛ ሰነፎቹ «ይህን ትእዛዝ» በሚለው ቦታ ላይ «ኦል» ብለን እንጽፋለን፤ ሁሉን ማለት ነው። አስተዳድር፣ ሽጥ፣ ለውጥ፣ አፍርስ።

ስክሪፕት ላይ ስንደርስ ደግሞ ከዚህም የከፋ መንገድ አለ። የይለፍ ቃሉን ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ። ሱዱ «ጭረት ኤስ» የምትባል አማራጭ አለችው፤ የይለፍ ቃሉን ከሰው ጣት ሳይሆን ከሌላ ትእዛዝ እንዲቀበል ታደርገዋለች። አንድ መስመር ነው፣ ይሠራል፣ ሰዓትም አይወስድም። ስለሚሠራ ነው ችግሩ።

ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድሩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ከፍሎፒ ዲስክ ዘመን ጀምሮ በሙያው የቆዩ፣ ኬብል በእጃቸው ዳብሰው ብልሽቱን የሚያውቁ ሰው። እኔ ስቀጠር የሌሊቱ ባክአፕ ስክሪፕት ከተጻፈ ቆይቷል። ዳታቤዙን ያቆማል፣ ፋይሎቹን ይገለብጣል፣ ዳታቤዙን መልሶ ያስነሣል። ማቆሙም ማስነሣቱም ሥልጣን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጋሼ የይለፍ ቃል ሦስተኛው መስመር ላይ በግልጽ ተጽፎ ተቀምጧል። አለቆች «ዛሬ ማታ መሥራት አለበት» ባሉበት አንድ ቀን የተጻፈ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሌሊቱን ካልሠራ ደግሞ ጠዋት ተረኛው በእጁ እንዲያስነሣው ፋይሉ ለሁሉም እንዲነበብ ተደርጓል። በዚያ ላይ ማንም ክፉ አላሰበም። መብራት አስቦበት ነው ቢባል ይቀላል።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ሩብ ዓመት የንብረት ወጪ መዝገብ ያለበት ፎልደር ጠፍቶ ተገኘ። ኦዲተሮች ሊመጡ ሳምንት ቀርቷቸዋል። መዝገቡን ራሱን ማግኘት አላስቸገረም፤ ያው የሚታማው ስክሪፕት ባለፈው ሌሊት የገለበጠው ቅጂ ነበር፣ የአንዱ ቀን ጉድለት ከሞዴል 22 ወረቀቶች ላይ ተሞላ። ግን የንብረት መዝገብ በኦዲት ዋዜማ ሲጠፋ ጥያቄው «ተመለሰ ወይ?» አይደለም። «ማን አጠፋው?» ነው።

የሱዱ ሎግ ተከፈተ። ግልጽ ነው፦ የማጥፋት ትእዛዝ፣ በሩት ሥልጣን፣ ከጋሼ አካውንት፣ 17:07 ላይ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ ሎጉን አንብቤ እንዳስረዳ ተጠራሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አይተው «አሥራ ሰባት ሰዓት ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?» አሏቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ቢሮ ነበርኩ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የወጡት 11 ተኩል ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

እንድናገር ፈቃድ ጠይቄ ሰርቨሩን ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ከግድግዳው ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነበር። ብዙ ሰርቨሮች ሲተከሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይተዋሉ፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ይቀድማል። ስለዚህ 17:07 የተባለው በእኛ ከምሽቱ 2:07 ነው። በዚያ ሰዓት ጋሼ ሰፈራቸው ለቅሶ ቤት ከእድርተኞች ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ያያቸው ሰው ቁጥር የለውም። አንዱ የኮሚቴ አባል «ከስልክም መግባት ይቻላል ይባላል» አለ። ይቻላል። ግን ከሱዱ መስመር ከፍ ብሎ ሌላ መስመር አለ፤ ወደ ሰርቨሩ የተገባው ከየትኛው አድራሻ እንደሆነ የሚናገር። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ የተረኞች ክፍል ውስጥ ያለው የጋራ ኮምፒውተር ነው። ያንን ኮምፒውተር የነካ ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛውን መስመር ያነበበም ብዙ ነው።

ማን እንደሆነ አልታወቀም። ምናልባት ክፋት አልነበረም፤ ዲስኩ ሞልቶ ቦታ ለማስለቀቅ የሞከረ ተረኛ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ጻፈ፦ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ጉዳዩ ተዘግቷል። እኔ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኳቸው። ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «በቂ ማስረጃ አልተገኘም ማለት እኮ፣ ልጄ፣ ፈልገን አጣን ማለት ነው። አላደረገም ማለት አይደለም» አሉኝ። በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ሽኝቱ ላይ ኬክ ተቆርጧል፣ ንግግርም ተደርጓል። ጥግ ላይ ግን «ያ የመዝገብ ጉዳይ የእሳቸው ነበር አይደል?» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህን የማነሣው የይለፍ ቃል ስክሪፕት ውስጥ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን በመጽሐፍ ከሚባለው ይልቅ በደንብ ስለሚያሳይ ነው። መጽሐፉ «ሰርጎ ገብ ያገኘዋል» ይላል፤ ልክ ነው። ከዚያ በፊት የሚሆነው ግን ሱዱ ሊያስቀር የመጣውን ነገር መልሶ ማምጣት ነው። አምስት ሰው አንድ ሰው ይሆናል። ልዩነቱ፣ ድሮ ሁሉም ሩት ነበሩ፤ አሁን ሁሉም ጋሼ ናቸው። ሩት ደግሞ የሚያፍር ልጅ የለውም፣ ሰፈር የለውም፣ ጡረታ አይወጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንገዶቹ ከባድ አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ ስክሪፕቱ ሙሉ በሙሉ የሲስተም ሥራ ከሆነ ከሰው አካውንት ላይ ማውረድ ነው። ክሮን፣ ማለትም ሊኑክስ በሰዓቱ ሥራ የሚቀሰቅስበት ፕሮግራም፣ ለሩት የራሱ የሥራ ዝርዝር አለው። እዚያ የተጻፈ ስክሪፕት ሲጀመርም ሩት ሆኖ ነው የሚነሣው፤ ሱዱ አያስፈልገውም፣ የይለፍ ቃልም አይጠየቅም። መዝገቡ ላይም የማንም ሰው ስም አይነሣም፤ ማሽኑ በራሱ ስም ሠራ ይባላል።

ሁለተኛው፣ ተራ ተጠቃሚ የሚያስነሣው ስክሪፕት አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ሥልጣን ከፈለገ ልዩ ውክልና መጻፍ ነው። ሱዱወርስ ውስጥ «ኖፓስወርድ» የምትባል ቃል አለች፤ ለዚህ ትእዛዝ የይለፍ ቃል አትጠይቅ ማለት ናት። ስሟ ያስደነግጣል፤ በጠባብ ቦታ ካስቀመጧት ግን ከተጻፈ የይለፍ ቃል እጅግ ትሻላለች። ለባክአፕ ብቻ የተፈጠረ አካውንት፣ ዳታቤዙን ማቆምና ማስነሣት ብቻ፣ ትእዛዙ ከነሙሉ አድራሻው። ያ አካውንት ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ማድረግ የሚችለው ዳታቤዙን ማቆምና ማስነሣት ነው። ያናድዳል፤ ግን ቤት አይሸጥም። ፋይሉን በተራ ኤዲተር አትክፈቱ፤ «ቪሱዱ» በሚባለው ክፈቱት፣ ሳያስቀምጥ በፊት ሰዋስዉን ይፈትሻል። የተሰበረ ሱዱወርስ ሁሉንም ሰው በር ላይ ሊያስቀር ይችላል፤ የሚጠግነውን ሰው ጨምሮ።

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውክልናው ለስክሪፕቱ ይሰጥና፣ ስክሪፕቱ ግን ተራው ተጠቃሚ ሊያርመው የሚችል ፋይል ሆኖ ይቀራል። ይህ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ መስጠት ነው። ዛሬ ውስጡ ያለው የባክአፕ ትእዛዝ ነው፤ ነገ ተጠቃሚው ከፍቶ የፈለገውን ይጨምርበታል፣ ሱዱም ዓይኑን ሳያሽ በሩት ሥልጣን ያስኬድለታል። ስለዚህ ፋይሉም የተቀመጠበት ፎልደርም የሩት ንብረት መሆን አለባቸው፣ ሌላ ሰው ሊጽፍባቸው አይገባም። እንዲሁም ለሰው «ኤዲተሩን ብቻ በሱዱ ክፈት» ብሎ መፍቀድ ጠባብ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከብዙ ኤዲተሮች ሆድ ውስጥ ሌላ ትእዛዝ ማስነሣት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ስክሪፕቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ እንዳይጠብቅ ማድረግ ነው። ሱዱ አንዴ ማንነታችሁን ካወቀ ለጥቂት ጊዜ አይጠይቃችሁም፤ ኡቡንቱ ላይ 15 ደቂቃ ነው። ቀን በእጃችሁ ስትሞክሩት የሠራ ስክሪፕት፣ ሌሊት ዳታቤዙን አቁሞ ግልበጣው 40 ደቂቃ ከፈጀ፣ ማስነሣቱ ላይ ሲደርስ እንደገና «ማነህ?» ይባላል። መላሽ የለም። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ዳታቤዙ እንደቆመ ነው። «ጭረት ኤን» የምትባለው አማራጭ ለዚህ ትጠቅማለች፦ መጠየቅ ካለብህ አትጠብቅ፣ ወዲያው ወድቀህ አሳውቅ ትለዋለች። መጀመሪያው መስመር ላይ ከወደቀ ምንም ሳይነካ ነው የሚወድቀው።

ሥልጣኑ በትክክል ከተሰጠ በኋላም ስክሪፕቱ ራሱ ምን ይላል የሚለው ይቀራል። በሙያችን የታወቁ ሁለት ታሪኮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በምብልቢ የሚባል የግራፊክስ ካርድ ፕሮግራም የተከላ ስክሪፕት ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ገባች። አንድ ረጅም አድራሻ ለሁለት ተከፈለ፤ አጥፋ የተባለው አንድ ትንሽ ፎልደር መሆኑ ቀርቶ የሲስተሙ ፕሮግራሞች የሚኖሩበት «ዩኤስአር» ሙሉውን ሆነ። ስክሪፕቱ በሩት ሥልጣን የሚሄድ ነበርና የሚከለክለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የስቲም ጌም ፕሮግራም ስክሪፕት ውስጥ የፎልደሩን ስም መያዝ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ «ከዚህ ፎልደር በታች ያለውን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ «ከሥሩ ጀምሮ አጥፋ» ሆነ። እሱ ግን በተራ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ያጠፋው ተጠቃሚው ሊያጠፋው የሚችለውን ነው። የሰዎች ፎቶና ጽሑፍ ሄደ፤ መራራ ነው፣ ሲስተሙ ግን ቆመ። የሥልጣን ልክ ማለት ይህ ነው፤ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ጉዳቱ የሚለያየው በእሱ ነው።

የበምብልቢን ነገር ሳስብ የድሮ ጸሐፊዎቻችን ትዝ ይሉኛል። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር። የቃል ድንበር የሚታይ ነገር ነበር፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ፣ በዓይን የሚቆጠር። ቃል ሲገጥምና ሲለያይ ትርጉም እንደሚገለበጥ በቅኔ ያደገ ሕዝብ ድንበሩን በቀለም ማስመሩ አይገርምም። ኮምፒውተር ደግሞ ድንበሩን ባዶነት አደረገው፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ሲበዛም አይታይም። ስለዚህ የሚያጠፋ ትእዛዝ ያለበትን ስክሪፕት እኔ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። «አጥፋ፣ ክፍት ቦታ፣ ዩኤስአር፣ ክፍት ቦታ...» ሲባል ጆሮ ዓይን ያለፈውን ይይዛል። ስክሪፕቱ ራስ ላይም «ባዶ ስም ካጋጠመህ ቁም» የምትለዋን መስመር አኖራለሁ።

የመጨረሻው መዝገቡ ነው። በሩት ሥልጣን የሚሠራ ሰው ሎጉንም ማጥፋት ይችላል፤ ጉዳዩ የሚጣራበት ወረቀት በተጠርጣሪው እጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሎጉ ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይላክ፤ የዚያ ማሽን ቁልፍም ከሌላ ሰው ዘንድ ይሁን። ሰዓቱም በምን እንደሚቆጠር በጽሑፍ ይቀመጥ። እንደ አገራችን ቀኑን ከማለዳ ጀምሮ በሚቆጥር ሕዝብ መሃል «17:07» የሚል ቁጥር ሳይብራራ ኮሚቴ ፊት መቅረብ የለበትም። የሰው እንጀራ በሦስት ሰዓት ልዩነት ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ።

አንዳንድ ወጣት ባልደረቦች ይህን ስነግራቸው «ኧረ ትንሽ ሰርቨር ናት፣ ማን ይነካታል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይነካትም። ውክልናም አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ነው የሚያልቀው። ልዩነቱ፣ ውክልና የሰጠ ሰው ወረቀቱ ማን ዘንድ እንዳለ ያውቃል፣ ሲፈልግም ሄዶ ይሽራል። እኛ ግን የሰጠነውን አናስታውስም። ሰው ሥራ ይለቅቃል፣ አካውንቱ ይቀራል። ፕሮጀክት ያልቃል፣ ሱዱወርስ ውስጥ ያለችው መስመር ትቀራለች። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ከተማ ቀይሯል፤ ስክሪፕቱ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን በስሙ ይነሣል።

ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ የምታስተዳድሩት ማሽን ካለ ተርሚናል ክፈቱና ሱዱ፣ ክፍት ቦታ፣ ጭረት፣ ኤል ብላችሁ ጻፉ። ለእናንተ የተሰጠውን ውክልና በዝርዝር ያሳያችኋል። ከዚያ ሱዱወርስን ራሱን በቪሱዱ ክፈቱና የሌሎቹን እዩ። እያንዳንዷን መስመር ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ በማን ስም ነው የሚሠራው? ባለ ስሙስ ያውቃል? መልስ ያጣችሁላትን መስመር ዛሬውኑ ሻሯት።